ብረት ሁሉ ብረት አይደለም፦ በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኬሚስትሪ የሚጀምር ሰው ፔሬዲክ ሰንጠረዡን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ይሸመድደዋል። "ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም…" እያለ ካልሲየም ላይ ሲደርስ ሃያውን ጨረስኩ ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። መሸምደዱ አይጎዳም። ጉዱ የሚወጣው "ይሄ ለምን እዚህ ተቀመጠ?" ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ያኔ የሚሰጡት መልሶች ይመሳሰላሉ፤ ስህተቶቹም እንደዚያው። እኔ እንደታዘብኩት አብዛኞቹ ከስንፍና የመጡ አይደሉም። በደንብ የምናውቀውን አንድ ነገር መስፈሪያ አድርገን የቀረውን ሁሉ በእሱ ስለምንሰፍር ነው። ዋናው መስፈሪያችን ደግሞ ብረት ነው።

(ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ብረት" ሲባል ያንኑ አንዱን ብረት ማሰብ

በአማርኛ "ብረት" የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። በአንድ በኩል አተማዊ ቁጥሩ 26 የሆነው፣ ምስማር የሚሠራበት ንጥረ ነገር የራሱ ስም ነው። በሌላ በኩል ወርቁንም መዳቡንም አሉሚኒየሙንም በጅምላ መጥሪያ ነው። የትምህርት መጻሕፍት ሁለቱን ለመለየት "ብረት አስተኔ" የሚል ስያሜ አመጡ፤ የብረት ወገን እንደማለት። ስያሜው ጠቅሟል። ነገር ግን ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ልጅ ስም ስለተጠራ፣ የልጁ ጠባይ ለወንድሞቹም ተለጠፈባቸው። "ብረት አስተኔ ምን ይመስላል?" ብለው ቢጠይቁ ጠንካራ፣ ከባድ፣ ማግኔት የሚስበውና የሚዝግ ነው ይባላሉ። አራቱም የብረት መልኮች ናቸው። ለወገኑ ሁሉ ግን አንዳቸውም አይሠሩም።

ከጥንካሬ እንነሳ። ሶዲየም ብረት አስተኔ ነው፤ በተራ ቢላ ይቆረጣል። ከተቀመጠበት ዘይት በመቆንጠጫ አውጥተው ቢላውን ሲጫኑት ሰም ውስጥ እንደገባ ይሰምጣል። የተቆረጠው ፊት ለአፍታ እንደተወለወለ ብር ያበራል። ዓይን ሳይጠግበው ከአየሩ ጋር ተዋህዶ ይደበዝዛል፤ ትንሽ ቆይቶ አመድማ ይሆናል። ስለዚህ "ብረት አስተኔ ያንጸባርቃል" የሚለውን መፈተን ያለብን ገና በተቆረጠ ወይም በተፋቀ ፊት ላይ ነው። (ይህ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው፤ ሶዲየም ውሃ ሲነካ ሊፈነዳ ስለሚችል ቤት ውስጥ አይሞከርም።) ጋሊየም ደግሞ በ29.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ መዳፍ ላይ ይፈስሳል። ሜርኩሪ፣ በድሮ ስሙ ባዜቃ፣ ጠጣር የሚሆነው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 38.8 ዲግሪ ሲደርስ ነው።

ክብደትም እንዲሁ ያታልላል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብረት 7.87 ግራም ይመዝናል፤ ያው መጠን ሶዲየም 0.97፣ ሊቲየም 0.53 ግራም ብቻ ነው። ሁለቱም ከውሃ ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ። በሌላው ጫፍ ኦስሚየም 22.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። በአንድ ወገን ውስጥ ከ40 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው።

የማግኔቱ ነገር ከሁሉ የባሰ ነው። "ማግኔት ካልሳበው ብረት አይደለም" የሚለው ፈተና በሁለቱም አቅጣጫ ይሳሳታል። በተራ የክፍል ሙቀት ማግኔት አጥብቆ የሚስባቸው ንጥረ ነገሮች ብረት፣ ኮባልትና ኒኬል ናቸው። መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ብር፣ ወርቅና እርሳስ ብረት አስተኔ ሆነው ሳለ ማግኔቱ ዞር ብሎም አያያቸውም። በተቃራኒው፣ አብዛኛው አካሉ ብረት ሆኖ ክሮሚየምና ኒኬል የተጨመረበት የማይዝገው አረብ ብረት አለ፤ ከዚህ ዓይነቱ ብዙውን ማግኔት ወይ አይስበውም ወይ እምብዛም አይስበውም። ፈተናው ብረት አስተኔውን ሁሉ ቀርቶ ብረቱን ራሱን አላወቀውም።

ዝገት ደግሞ የብረት የግል በሽታ ነው። አሉሚኒየምም ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፤ እንዲያውም ከብረት ይፈጥናል። ነገር ግን የሚፈጠረው ስስ ቅርፊት ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ውፍረት ኖሮት ከሥሩ ያለውን አጥብቆ ይሸፍነዋል፤ ነገሩ እዚያው ይቆማል። የብረት ዝገት ግን ይላላል፣ ይረግፋል፣ አዲስ ፊት ለአየርና ለእርጥበት ያጋልጣል።

ታዲያ ሶዲየምን፣ ባዜቃን፣ ወርቅንና ብረትን አንድ ወገን ያደረጋቸው ምንድን ነው? ኤሌክትሮናቸውን አለመሰሰታቸው ነው። የብረት አስተኔ አተሞች የውጭ ኤሌክትሮናቸውን የያዙት በላላ እጅ ነው። ሲደራረቡ እነዚያ ኤሌክትሮኖች የማንም የግል ሀብት መሆናቸው ይቀርና በመላው ቁሱ ውስጥ ይንሸራሸራሉ። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። የሚንሸራሸር ኤሌክትሮን ስላለ ኤሌክትሪክና ሙቀት ያልፋል። ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ይወረውረዋል። በመዶሻ ሲመታ የአተሞቹ ንብርብር ይንሸራተታል እንጂ አይሰነጠቅም፤ ምክንያቱም የጋራው ኤሌክትሮን በአዲሱ ቦታም ያያይዛቸዋል። 1 ግራም ወርቅ 1 ካሬ ሜትር ገደማ እስኪሸፍን ድረስ ሊቀጠቀጥ የሚችለው በዚህ ነው። የድኝ ቁራጭ በመዶሻ ቢመቱ ይደቅቃል። ኢብረት አስተኔዎች ኤሌክትሮናቸውን ለራሳቸው የሚጨብጡ፣ ሲገኝም ከሌላው የሚቀበሉ ወይም የሚጋሩ ናቸው።

እርሳስ ውስጥ እርሳስ አለ ማለት

ቃላችን እዚህም ወጥመድ ጥሏል። "እርሳስ" አተማዊ ቁጥሩ 82 የሆነው ከባዱ ብረት አስተኔ ነው፤ "እርሳስ" ደግሞ ተማሪው የሚቀርጸው መጻፊያ ነው። ለፍትህ ያህል፣ ስህተቱ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በጀርመንኛም የመጻፊያው ስም ከማዕድኑ እርሳስ የተወሰደ ነው። ድሮ ግራፋይትን የእርሳስ ዓይነት አድርገው ይቆጥሩት ነበር። በ1779 ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለው ኬሚስት ግራፋይት የካርቦን መልክ መሆኑን አሳየ፤ ስሙ ግን አንዴ ተጣብቆ ነበር። መጻፊያው ውስጥ ያለው ጥቁር ዘንግ ግራፋይትና ሸክላ አፈር ነው። ካርቦን ደግሞ ኢብረት አስተኔ ነው።

አሁን "ኢብረት አስተኔ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም" የሚለውን ሕግ በዚሁ እርሳስ ይፈትኑት። መጻፊያውን በሁለቱም ጫፍ ይቅረጹ። 3 ባትሪ ድንጋዮች በተከታታይ ያያይዙና (4.5 ቮልት ይሆናል) አንድ ትንሽ ኤልኢዲ አምፖል በሽቦ ያገናኙ፤ መስመሩ ግን በእርሳሱ ውስጥ አልፎ እንዲዘጋ ያድርጉ። የሽቦዎቹ ጫፎች ጥቁሩን ሲነኩ አምፖሉ ይበራል፤ ወደ እንጨቱ ሸርተት ካሉ ይጠፋል። ካልበራ የኤልኢዲውን እግሮች ያገለባብጡ። ከግድግዳ ሶኬት ጋር ግን በፍጹም እንዳይሞክሩት።

ግራፋይት ውስጥ እያንዳንዱ የካርቦን አተም ከ3 ጎረቤቶቹ ጋር ብቻ ይያያዛል፤ አራተኛው ኤሌክትሮኑ በንብርብሩ ላይ ለመንሸራሸር ነፃ ይሆናል። ያው ካርቦን አልማዝ ሲሆን አራቱም ኤሌክትሮኖች ይታሰራሉ፤ ኤሌክትሪክ አያልፍም። ግን አልማዝ ሙቀትን ከመዳብ በብዙ እጥፍ ያሻግራል፤ በጥንካሬም የሚደርስበት ብረት አስተኔ የለም። "ጠንካራ ከሆነ ብረት አስተኔ፣ ደካማ ከሆነ ኢብረት አስተኔ" የሚል ሰው ሶዲየምንና አልማዝን ጎን ለጎን ሲያይ ሁለቱንም ይገለብጣቸዋል። አዮዲንም ክሪስታሉ ያብለጨልጫል፤ ብልጭታው ግን ብረት አስተኔ አያደርገውም።

እግረ መንገዴን፣ ኢብረት አስተኔ ሁሉ ጋዝ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ካርቦን፣ ድኝ፣ ፎስፎረስና አዮዲን ጠጣር ናቸው፤ ብሮሚን ቀይ ቡናማ ፈሳሽ ነው።

ሰንጠረዡ የተደረደረው በክብደት ነው ማለት

ይህ ስህተት ክቡር ስህተት ነው፤ ሰንጠረዡን ያዘጋጀው ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌየቭ ራሱ በዚህ መንገድ ነው የጀመረው። በ1869 በዚያን ጊዜ የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በአተማዊ ክብደታቸው ደረደረ። ብልህነቱ የታየው ግን ክብደቱና ጠባዩ ሲጣሉበት ለጠባዩ በማድላቱ ነው። ቴሉሪየም (127.6) ከአዮዲን (126.9) ይከብዳል። በክብደት ቢሄድ ኖሮ አዮዲን ቀድሞ ከሰሊኒየም ሥር ይገባ ነበር። አዮዲን ግን በጠባዩ የክሎሪንና የብሮሚን ወንድም ነው፤ ስለዚህ አቀያየራቸው። ምክንያቱን በተመለከተ ግን ተሳስቷል፤ የቴሉሪየም ክብደት በስህተት የተለካ መስሎት ነበር።

ትክክለኛውን ምክንያት ያገኘው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪ ሞዝሊ ነው። በ1913 የተለያዩ ንጥረ ነገሮች የሚያወጡትን ኤክስሬይ ሲለካ፣ የድግግሞሹ ስኩዌር ሩት ከአንዱ ወደ ቀጣዩ በእኩል እርምጃ እንደሚጨምር አየ። ደረጃ እንደመውጣት ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ፕሮቶን (በአተሙ እምብርት፣ በኒውክለሱ፣ የሚገኝ ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ነው። ያ ቁጥር ዛሬ አተማዊ ቁጥር የምንለው ነው። ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በጋሊፖሊ ጦር ግንባር ሞተ፤ ገና 27 ዓመቱ ነበር።

ክብደት ለምን ይዋሻል? ክብደቱ ውስጥ ቻርጅ የሌለው የኒውክለስ ቅንጣት፣ ኒውትሮንም አለበትና። አርጎን 18 ፕሮቶን አለው፤ አብዛኛው የተፈጥሮ አርጎን ግን 22 ኒውትሮን ተሸክሟል። ፖታሲየም 19 ፕሮቶን ኖሮት አብዛኛው የያዘው 20 ኒውትሮን ነው። ስለዚህ አርጎን በተራ ቀድሞ በሚዛን ይበልጣል (39.95 ከ39.10)። በክብደት የሚደረድር ሰው ፖታሲየምን ከሰነፎቹ ጋዞች (እንደ አርጎን ከሌላው ጋር እምብዛም ከማይዋሃዱት) መሃል ሊያስቀምጠው ነው።

የሜንዴሌየቭን ሌላ ገድል ሳልነግር ባልፍ ይቆጨኛል። ቦታው ላይ የሚመጥን ንጥረ ነገር ሲያጣ ባዶ ትቶ "እዚህ የሚመጣው እንዲህ ያለ ጠባይ ይኖረዋል" ብሎ ጻፈ። በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ዴ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘና እፍጋቱን (የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩን ክብደት) 4.7 ግራም ብሎ ዘገበ። ሜንዴሌየቭ ንጥረ ነገሩን በዓይኑ ሳያይ 5.9 ገደማ መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። ፈረንሳዊው ናሙናውን አጥርቶ ደግሞ ሲለካ 5.9 ሆነ።

ዓምዱንና ረድፉን ማምታታት

አጭር ናት፤ ግን ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ ትበላለች። ቁልቁል የሚወርደው ዓምድ ቡድን ይባላል፤ 18 ናቸው። አግድም የሚሄደው ረድፍ ፔሬድ ነው፤ 7 ናቸው። በጠባይ የሚመሳሰሉት በዓምድ የተሰለፉት ናቸው። ጎን ለጎን መቀመጥ ዝምድና አይደለም፦ ክሎሪንና አርጎን ግድግዳ ይጋራሉ፤ አንዱ ያገኘውን ሁሉ ይተናኮላል፣ ሌላው ማንንም አይነካም። ከሰንጠረዡ ግርጌ ለብቻቸው የተቀመጡት ሁለት ረድፎችም ተጨማሪ ክፍል አይደሉም፤ የ6ኛውና የ7ኛው ፔሬድ አካል ሆነው ሳለ ወረቀቱ እንዳይሰፋ ወደ ታች የወረዱ ናቸው።

ኤሌክትሮን በበዛ ቁጥር አተሙ ይገዝፋል ማለት

ነገሩ ሲያስቡት እውነት ይመስላል፦ ብዙ ዕቃ የያዘ ሻንጣ ይወፍራል። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮን አለው፤ ክሎሪን 17። የሶዲየም አተም ሬዲየስ 186 ፒኮ ሜትር ገደማ ሲሆን የክሎሪን 99 ገደማ ነው፤ ግማሽ ያህል። ምክንያቱም ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ኤሌክትሮኖቹ የሚጨመሩት እዚያው አንድ ሼል (በኒውክለሱ ዙሪያ ያለ የኤሌክትሮን ንብርብር) ላይ ነው፤ በኒውክለሱ ውስጥ ግን የፕሮቶኑ ጉልበት እየበረታ ሁሉንም ወደ ውስጥ ይጎትታቸዋል። ቁልቁል ሲወርዱ ብቻ አዲስ ሼል ይከፈታል፤ ያኔ አተሙ በእርግጥ ይገዝፋል።

"ወደ ታች ሲወርዱ ንቃት ይጨምራል" ብሎ መደምደም

ንቃት ማለት ከሌላው ጋር ለመዋሃድ መቸኮል ነው። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ዓምድ አይቶ ነው ይህን ሕግ ያወጣው። ሊቲየም ውሃ ላይ ቀስ ብሎ ይፍለቀለቃል፤ ሶዲየም ቀልጦ ድቡልቡል ሆኖ ይሯሯጣል፤ ፖታሲየም ወይን ጠጅማ ነበልባል ይዞ ይነዳል፤ ሲዚየም ዕቃውን ሊሰባብር ይችላል። እስከዚህ ልክ ነው። ሕጉን ይዘው ወደ 17ኛው ዓምድ ሲሻገሩ ግን ይገለበጣል፦ ከሁሉ ቁጡው ከላይ ያለው ፍሎሪን ነው፤ አዮዲን ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ጨዋ ነው።

ከላይ ያነሳነውን የኤሌክትሮን ጠባይ ካስታወሱ መሸምደድ አያስፈልግም። የብረት አስተኔ ሥራ መስጠት ነው፤ የሚሰጠው ኤሌክትሮን ከኒውክለሱ በራቀ ቁጥር መስጠቱ ይቀልለዋል። የኢብረት አስተኔ ሥራ መቀበል ነው፤ የሚቀበለው ቦታ ለኒውክለሱ በቀረበ ቁጥር መጎተቱ ይበረታል። ቀለም የሌለው የብሮማይድ ጨው መፍትሔ ላይ የክሎሪን ውሃ ጠብ ሲያደርጉ መፍትሔው ወደ ብርቱካናማ ይቀየራል። ክሎሪን የብሮሚንን ኤሌክትሮን ነጠቀ፤ ብሮሚንም ራቁቱን ወጣ። አዮዲን በዚያ ቦታ ቢጨመር ምንም አይነጥቅም።

ንጥረ ነገሩንና ውህዱን አንድ ማድረግ

"አጥንት ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ካልሲየም ብረት አስተኔ ነው፤ ታዲያ አጥንት ለምን አያንጸባርቅም?" ጥያቄው የዋህ አይደለም፤ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ፣ እዚያ ያለው ካልሲየም ሁለት ኤሌክትሮኑን አስረክቦ "አዮን" ተብሎ የሚጠራው ቻርጅ ያለው ቅንጣት ሆኗል የሚለው ነው። ብረት አስተኔ የሚያሰኘው የሚንሸራሸር ኤሌክትሮን ከእጁ ወጥቷል። የገበታ ጨው ዋናው ምስክር ነው፦ ውሃ ሲነካ የሚፈነዳው ሶዲየምና መርዛማው ክሎሪን ተዋህደው ምላስ ላይ የምናስቀምጠውን ነጭ ክሪስታል ሠሩ።

"ንጥረ ነገር" የሚለው ቃል በዕለት ንግግር ምግብ ውስጥ ላለ ጠቃሚ ነገር ሁሉ መዋሉም ያደናግራል፤ ቫይታሚን በኬሚስትሪ ንጥረ ነገር አይደለም፣ ውህድ ነው። ነሐስ (መዳብና ቆርቆሮ) እና ናስ (መዳብና ዚንክ) ደግሞ ቅይጦች ስለሆኑ ሰንጠረዡ ላይ ቢፈልጓቸው አያገኟቸውም።

የምልክቶቹን ነገር

ፖታሲየምን በ"ፒ" የሚፈልግ ሰው ፎስፎረስ ላይ ያርፋል። የፖታሲየም ምልክት ከላቲኑ ካሊየም፣ የሶዲየም ከናትሪየም፣ የብረት ከፌሩም፣ የወርቅ ከአውሩም፣ የእርሳስ ከፕሉምቡም የመጣ ነው። ሁለተኛዋ ፊደል ሁሌም ትንሿ ትሁን፦ ትልቅ "ሲ" እና ትንሽ "ኦ" ኮባልት ናት፤ ሁለቱም ትልቅ ከሆኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ገዳዩ ጋዝ ነው።

በቦታ ብቻ መፍረድ

ከቦሮን ተነስቶ ወደ ቀኝ ታች የሚወርደው የደረጃ መስመር ብረት አስተኔን ከኢብረት አስተኔ ይለያል ይባላል። መስመሩ ጠቃሚ ነው፤ አጥር ግን አይደለም። ሲሊከን ግራጫ ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ሲመታ ግን እንደ መስታወት ይሰባበራል። ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ማሳለፉ ይጨምራል፤ መዳብ ሲሞቅ ግን ይቀንስበታል። እንዲህ ያሉትን ሜታሎይድ እንላቸዋለን፤ ቦሮን፣ ጀርማኒየም፣ አርሴኒክ፣ አንቲሞኒና ቴሉሪየም አብረውት ይቆጠራሉ። አሉሚኒየም ደግሞ መስመሩን ተደግፎ ተቀምጦ ሳለ ያለጥርጥር ብረት አስተኔ ነው፤ ኦክሳይዱ ብቻ ከአሲድም ከቤዝም ጋር እየተዋሃደ ሁለት ልብ ያሳያል።

ሃይድሮጅን ከሶዲየም በላይ በአንደኛው ዓምድ ቢቀመጥም ብረት አስተኔ አይደለም፤ እዚያ ያስቀመጠው አንዲት ኤሌክትሮኑ ናት። ሂሊየም 2 ኤሌክትሮን ብቻ ስላለው በቁጥር ቢሄድ ከቤሪሊየም በላይ በሁለተኛው ዓምድ በተገኘ፤ በጠባዩ ግን 18ኛው ውስጥ ገባ። የ18ኛው ዓምድ ጋዞች ከማንም ጋር አይዋሃዱም የሚለውም በ1962 ተሰበረ፤ ኬሚስቱ ኒል ባርትሌት ዜኖንን ከፕላቲነምና ከፍሎሪን ጋር አዋህዶ ብርቱካናማ ቢጫ ጠጣር አወጣ።

በዚያው ዓምድ ግርጌ 118ኛው ኦጋኔሶን አለ። በተቀመጠበት ቦታ ብቻ የሚፈርድ ሰው "ጋዝ ነው" ብሎ ይጽፋል። እስካሁን የተሠሩት አተሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም በሚሊ ሰከንድ የሚለካ ነው። ስሌቶቹ የሚሉት ደግሞ ለማየት በሚበቃ መጠን ቢሰበሰብ ኖሮ በክፍል ሙቀት ጠጣር ይሆን ነበር ነው።